ከጭማቂ ቤት ቅርፊት የጓሮ አፈር ማልሚያ፤ የአፈር ከሰል አሠራር ለሁርሊንግሃም ነዋሪዎች

በናይሮቢ ከተማ በሁርሊንግሃም ሰፈር፣ ከያያ ሴንተር ጀምሮ በአርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ግራና ቀኝ፣ ምግብ ቤትና ጭማቂ ቤት ከፍተው የሚሠሩ ወገኖቻችን፣ እንዲሁም በኪራይ ቤታቸው ጓሮ ጎመንና ቃሪያ፣ በሶብላና ጤና አዳም የሚያለሙ ቤተ ሰቦች ደጋግመው የሚገጥማቸው አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ማታ ማታ የአቮካዶ ዘር፣ የማንጎ ዘርና የአናናስ ልጣጭ በጆንያ ሞልቶ ሲቀር ምን ይደረግበት የሚለው ነው፤ ይልቁንም በዐቢይ ጾም ወራት፣ ጭማቂ ከምንጊዜውም በሚፈለግበት ሰዓት፣ ጆንያው በእጥፍ ይበዛል።

ማንጎ ሲጨመቅ ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጠው፣ ልጣጭና ዘር ሆኖ ይቀራል፤ ይህም ተረፈ ፍሬ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ተደባልቆ በመኪና ተጭኖ ወደ ዳንዶራ የቆሻሻ መጣያ ሲጣል፣ አየር በማያገኝበት ክምር ውስጥ በስብሶ ሚቴን የሚባለውን ጋዝ ያወጣል እንጂ ለማንም አይጠቅምም። ከዚሁ ተረፈ ፍሬ ዕንጨት መሳይ የሆነው ክፍል ግን አየር በተነፈገው እሳት ሲከስል፣ ባዮቻር የሚባለውን፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ የአፈር ከሰል የምንለውን ነገር ይሰጣል። የአፈር ከሰል እንደ ብስባሽ በአንድ ወይም በሁለት ወቅት የሚያልቅ አይደለም፤ አብዛኛው ክፍሉ በመቶ ለሚቆጠሩ ዓመታት በመሬት ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ በዓይን የማይታዩት ቀዳዳዎቹም ውሃንና የአትክልትን ምግብ ይይዛሉ፣ ለረቂቃን ሕዋሳትም ማደሪያ ይሆናሉ።

ብዙ ሰዎች የዚህ ሥራ ምሥጢር ሁሉ በእሳቱ ላይ ያለ ይመስላቸዋል። የእኔ ፍርድ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እሳቱ የሁለት ወይም የሦስት ሰዓት ጉዳይ ሲሆን፣ የሥራው መልማትና መጥፋት የሚወሰነው ከእሳቱ በፊት ተረፈ ፍሬውን በመለየትና ከእሳቱ በኋላ ከሰሉን በማጥገብ ነው። ሳይለይ የከሰለ ነገር ጭስና አመድ ብቻ ያተርፋል፤ ሳይጠግብ ወደ አፈር የገባ ከሰልም አትክልቱን ያስርባል።

1ኛ፤ ርጡቡን ከይቡሱ መለየት

ሊቃውንት አራቱን ባሕርያት፣ መሬትንና ውሃን፣ ነፋስንና እሳትን፣ በርጡብነትና በይቡስነት፣ በውዑይነትና በቆሪርነት ለይተው እንደሚያስተምሩ፣ የፍሬም ተረፍ አስቀድሞ በየጠባዩ መለየት አለበት። ስለዚህ በወጥ ቤትዎ ከጁስ መፍጫው አጠገብ ሁለት ባልዲ ያኑሩ፤ መለየቱን ማታ ከተደባለቀው ጆንያ ላይ እንፈጽማለን የሚል ሰው ሥራውን በሁለተኛው ቀን ይተወዋልና፣ መለየቱ ፍሬው በሚላጥበት ሰዓትና በሚላጥበት እጅ ይፈጸም።

በመጀመሪያው ባልዲ የሚገባው ዕንጨት መሳይ የሆነው ነው፤ ይኸውም የማንጎ ዘር፣ የአቮካዶ ዘር፣ የፓሽን ፍሩት ቅርፊት፣ እንዲሁም በመንገድ ዳር ከሚሸጡት የኮኮናት ቅርፊትና የሸንኮራ አገዳ ምጣጭ ነው። በቲካና በሙራንጋ አካባቢ የሚፈለፈለው የማካዴሚያ ቅርፊት ከተገኘ ከሁሉ የሚመረጥ ነው፤ ጠጣርነቱ ከሰሉን ከባድና ጽኑ ያደርገዋል። በሁለተኛው ባልዲ ደግሞ የሙዝ፣ የፓፓያ፣ የብርቱካንና የሐብሐብ ልጣጭ፣ የአናናስ ልጣጭና ከወንፊት የቀረው አተላ ይግባ፤ እነዚህ አብዛኛው ክብደታቸው ውሃ ስለ ሆነ እሳቱ ኃይሉን ሁሉ ውሃቸውን በማትነን ይጨርሳል፣ መጨረሻ ላይም የሚገኘው ከሰል ከእፍኝ አይበልጥም። ይልቁንም በፖታሲየም የበለጸገው የሙዝ ልጣጭ ቢበሰብስ ለአትክልት መልካም ምግብ ነውና እሱን ለእሳት መስጠት ጥፋት ነው። ይህ ሁለተኛው ባልዲ ብስባሽ ይሆናል፤ ብስባሹም በ7ኛው ተራ ከሰሉን ለማጥገብ ያስፈልግዎታል። የአናናስ አክሊል የሆነው ቅጠል ግን ደርቆ ለመለኮሻ ያገለግላል።

የአቮካዶ ዘር ትኩስ ሳለ በቢላዋ በአራት ወይም በስምንት ይቆረጥ፤ አንድ ጊዜ ከደረቀ በኋላ እንደ ጠጠር ጠንክሮ ቢላዋ ያንሸራትታል፣ እጅም ያቆስላል። ሳይቆረጥ የሚሰጣው ዘር ደግሞ ላዩ ደርቆ ውስጡ ርጡብ እንደ ሆነ ይቀርና በእሳት ውስጥ ይፈነዳል። የማንጎው ዘር ላይ የቀረው ሥጋ በውሃ ታጥቦ ይነሣለት፣ ያለዚያ ዝንብ ይሰበስባል፤ ሁለት ቀን ፀሐይ ከመታው በኋላም ጠርዙ በመዶሻ ወይም በቢላዋ ይከፈትና ውስጠኛው ፍሬ ይውጣ። ቅርፊቱ ለከሰል፣ ስብና ስታርች ያለበት ውስጠኛው ፍሬ ተከትፎ ለብስባሽ ይሁን።

በመለየቱ ጊዜ በፍሬው ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት፣ የጁስ መጠጫ ቀሰምና ላስቲክ አብረው እንዳይገቡ ይጠንቀቁ። ጨውና ዘይት የነካው የምግብ ትራፊም ወደዚህ ሥራ አይግባ፤ ጨው በእሳት አይጠፋም፣ ከከሰሉ ጋር ተመልሶ ወደ አፈርዎ ይገባል።

2ኛ፤ ማድረቅ

የተለየው ተረፈ ፍሬ በቆርቆሮ ወይም ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ ወንፊት ላይ ስስ ሆኖ ይሰጣ። ከመቶ እጅ ከ15 እስከ 20 የሚሆን ርጥበት ብቻ እስኪቀር ይደርቅ፤ መመዘኛ መሣሪያ ከሌለ፣ የአቮካዶው ቁራጭ በእጅ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ፣ የማንጎውም ቅርፊት ሲንኳኳ ደረቅ ድምፅ ከሰጠ በቂ ነው።

ከአገር ቤት የመጣ ሰው በዚህ ላይ በቀላሉ ይሳሳታል፤ የናይሮቢ ዝናም እንደ እኛ ክረምት በሰኔ ገብቶ በመስከረም የሚወጣ አይደለምና። ትልቁ ዝናም ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ድረስ ነው፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ዝናሙ ቢያንስም ሰማዩ ደመና፣ አየሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ የተሰጣው ነገር ከመድረቅ ይልቅ ይሻግታል። እውነተኛው የማድረቂያ ወራት ጥርና የካቲት ነው፤ ደግነቱ የማንጎ ወራትም ይኸው ነው። ስለዚህ ተረፈ ፍሬውን ዓመቱን ሁሉ ጥቂት በጥቂት ያድርቁ፣ በደረቅ ጆንያ አኑረው ያከማቹ፣ የማክሰሉን ሥራ ግን በዚህ ወቅት ይፈጽሙ።

3ኛ፤ ቦታና ዕቃ

በኬንያ ቆሻሻን በግልጽ ቦታ ማቃጠል የተከለከለ ነው፤ የአየር ጥራት ደንብና ተረፈ ነገር በየዓይነቱ እንዲለይ የሚያዝዘው እ.ኤ.አ. የ2022 የቆሻሻ አያያዝ ሕግ መኖራቸውን ልብ ይበሉ። በሚገባ የሚሠራ የአፈር ከሰል ጭሱ እጅግ ጥቂት ቢሆንም፣ በሁርሊንግሃም ፎቅ ከፎቅ ተጠጋግቶ በተሠራበት ግቢ ውስጥ ያለ አከራይና ያለ ጎረቤት ፈቃድ ምንም እሳት አይለኮስ፤ ከከተማ ወጣ ያለ እርሻ ያለው ወዳጅ ካለዎት፣ ደረቁን ጆንያ ወደዚያ ወስዶ እዚያ ማክሰል ከሁሉ ይሻላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ ሥራ በቤት ውስጥም ሆነ በር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ከቶ አይሠራ፤ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰውንም በእንቅልፉ ይገድላል።

ዕቃው ቀላል ነው። ሰፊ ጓሮ ላለው፣ አፉ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ጉድጓድ ይበቃል። መቆፈር የማይቻል ከሆነ በካሙኩንጂ ያሉት የጁዋ ካሊ ብረት ሠሪዎች በዚሁ ልክ ከላሜራ ጎኖቹ የተዘቀዘቁ ሰፊ ምጣድ መሳይ ዕቃ ያበጁልዎታል፤ ነገር ግን ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮና ኬሚካል የነበረበት በርሜል አይጠቀሙ፣ በእሳት ጊዜ የሚወጣው ትነት መርዝ ነው። ከዚህ ሌላ ረጅም እጀታ ያለው አካፋ፣ ወፍራም ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛና፣ ሳይዘጋጅ እሳት መለኮስ የማይገባው፣ ቢያንስ 60 ሊትር ውሃ በአጠገብ ይኑር።

4ኛ፤ ማክሰል

በጉድጓዱ መካከል ደረቅ ጭራሮና የደረቀውን የአናናስ ቅጠል ደራርበው ይከምሩና ከታች ሳይሆን ከላይ ይለኩሱ። ከላይ የተለኮሰ እሳት ከሥሩ የሚወጣውን ጭስ በነበልባሉ ውስጥ እያሳለፈ ያቃጥለዋል፤ ከታች የተለኮሰው ግን ጭሱን ሳያቃጥል ወደ ጎረቤት መስኮት ይልከዋል። ጭራሮው ፍም ሆኖ በላዩ ስስ ነጭ አመድ መታየት ሲጀምር፣ ከደረቀው ተረፈ ፍሬ አንድ ስስ ድርብ በእኩል ይበትኑ። እሱም በተራው ነዶ አመድ ሊለብስ ሲል ሁለተኛውን ድርብ፣ ከዚያም ሦስተኛውን ይጨምሩ።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ይህ ነው፤ በላይ ያለው ነበልባል አየሩን ሁሉ ስለሚበላ ከሥሩ ያለው ፍም አየር አጥቶ አመድ ከመሆን ይድናል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ነበልባሉን በመጠበቅ ላይ ነው። ነጭ ጭስ ቢበዛ ወይ ተረፈ ፍሬው አልደረቀም፣ ወይ ድርቡ ወፍሯል፤ ነበልባሉ እስኪመለስ ምንም አይጨምሩ። በአንጻሩ አመዱ ወፍሮ ቢታይ ዘግይተዋልና ቶሎ ይጨምሩ። አብዝተው የሚሳሳቱት ሥራው እንዲፋጠን ጆንያውን በአንድ ጊዜ የሚገለብጡት ናቸው፤ እሳቱ ይታፈናል፣ ሰፈሩም በጭስ ይሞላል፣ የሚገኘውም ግማሹ ጥሬ፣ ግማሹ ቅባት የተቀባ ከሰል ነው። የማንጎ ቅርፊት ፈጥኖ ስለሚነድ ከአቮካዶ ቁራጭ ጋር ይደባለቅ፣ የኮኮናት ቅርፊት ግን ጊዜ ስለሚፈልግ ከመጀመሪያዎቹ ድርቦች ጋር ይግባ።

ጓሮ የሌለው ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። የዱቄት ወተት ጣሳ በተቆራረጠ ደረቅ የአቮካዶ ዘር ይሙሉ፣ ክዳኑን በምስማር አንድ ጊዜ ብቻ ይብሱት፣ ከገጠሙትም በኋላ በግልጽ ቦታ ባለ የከሰል ምድጃ (ጂኮ) ፍም መካከል ያስቀምጡት። ከቀዳዳው መጀመሪያ እንፋሎት፣ ቀጥሎ የሚነድ ጋዝ ይወጣል፤ ነበልባሉ ራሱ ሲጠፋ ከሰሉ ተፈጽሟል፣ ጣሳውም በደንብ እስኪቀዘቅዝ አይከፈት። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ለሰገነት ላይ ለተደረደሩ የአበባ ማሰሮዎች ይበቃል። ጊጊሪ ላይ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው የዓለም ጥምር ደንና እርሻ ምርምር ማዕከል ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር በኤምቡ ገበሬዎች ቤት ያስሞከረው ጋዝ አንዳጅ ምድጃም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ወጡም ይበስላል፣ ለእርሻው የሚሆነውም ከሰል በምድጃው ይቀራል።

5ኛ፤ ማጥፋትና መመርመር

የመጨረሻው ድርብ ነዶ ነበልባሉ አጥሮ ሲያበቃ ሳይዘገዩ በብዙ ውሃ ያጥፉት፤ በዘገዩ መጠን ከሰሉ አመድ ይሆናል። ውሃው በጥቂት በጥቂቱ፣ ፊትን ዞር አድርጎ ይፈስስ፣ የሚነሣው እንፋሎት ያቃጥላልና። በናይሮቢ ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን ሳሙናና ጨው ያልነካው የአትክልትና የፍሬ እጣቢ ይበቃል። ካጠፉት በኋላ በአካፋ አገላብጠው እንደ ገና ያርጥቡት፤ ከላይ የጠፋ መስሎ በውስጡ ፍም የያዘ ከሰል በማግሥቱ ጆንያውንና መጋዘኑን ያነድዳልና አንድ ሙሉ ቀን በግልጽ ቦታ ይቆይ።

ከዚህም በኋላ ጥቂት ከሰል በጣቶችዎ ፈጭተው እጅዎን በውሃ ብቻ ይታጠቡ። ጥቁረቱ በውሃ ከለቀቀ ከሰሉ መልካም ነው፤ ቅባት ሆኖ ሳሙና ከጠየቀ ግን በሚገባ አልከሰለም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከደረቀው ጋር ደግሞ እሳት ይግባ። ከ100 ኪሎ ደረቅ ተረፈ ፍሬ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ከሰል ቢያገኙ በሚገባ ሠርተዋል።

6ኛ፤ መሰባበር

ከሰሉ ርጥብ እንደ ሆነ በጆንያ ውስጥ ይረገጥ ወይም በሙቀጫ ይወቀጥ፤ ደረቅ ከሰል ሲወቀጥ አቧራው ሳንባን ይጎዳል። መጠኑ ከምስር እስከ ሽምብራ ይሁን እንጂ ዱቄት አይሁን።

7ኛ፤ ከሰሉን ማጥገብ

አዲስ እንስራ ውሃ ሲሞላበት አስቀድሞ ራሱ እንደሚጠጣ፣ አዲስ ከሰልም ወደ አፈር ሲገባ አስቀድሞ የአፈሩን ናይትሮጅን ወደ ራሱ ስቦ ይይዛል፤ ጎመኑም በዚያ ወቅት ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል። ብዙ ሰዎች አንድ ጊዜ ሞክረው የአፈር ከሰል አይረባም ብለው የሚተዉት በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔም የዚህን ሥራ መልካም ስም ከሁሉ የበለጠ ያጎደፈው ይህ ችኮላ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ከሰሉ መጀመሪያ ይጥገብ።

አንዱ መንገድ ከ1ኛው ተራ ሁለተኛው ባልዲ ከተገኘው ብስባሽ ጋር እኩል በእኩል ደባልቆ፣ በጥላ ሥር፣ በላስቲክ ሸፍኖ፣ በየሳምንቱ እያገላበጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ማቆየት ነው። ሁለተኛው መንገድ ከሰሉን በበረት ፍግ በጥብጥ ወይም በዶሮ ኩስ ውሃ መንከር ነው፤ የዶሮ ኩስ ብርቱ ስለ ሆነ በአንድ እጅ ላይ ዐሥር እጅ ውሃ ይጨመርበት። የሰው ሽንትም በናይትሮጅን እጅግ የበለጸገ ነው፤ የሚጸየፈው ቢኖር አይፈረድበትም፣ የሚጠቀምበት ግን ከሰሉ ሽታውን እንደሚውጥ ያያል፤ ሆኖም በጥሬው ለሚበላ ሰላጣ መደብ ባይውል ይሻላል። የብስባሹ ድብልቅ በእጅ ሲጨበጥ ርጥበቱ መዳፍን ያረጥብ እንጂ ውሃ አይንጠብጠብ፤ ውሃ የሞላበት ክምር አየር አጥቶ ይገማል።

ስለ ማጥገብ ሳንጨርስ አንድ ነገር እናክል። የእኛ ምግብ ቤቶች ተረፋቸው ፍሬ ብቻ ሳይሆን አጥንትም ነው። የሁርሊንግሃምና የአካባቢው ቀይ አፈር በብረት ኦክሳይድ የተሞላ ስለ ሆነ ፎስፎረስን አጥብቆ ይይዛል፣ ለአትክልትም አይለቅም፤ አጥንት ግን የፎስፎረስ ጎተራ ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲና በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ሊቃውንት በአገራችን የቡና ቅርፊትንና የቄራ አጥንትን አክስሎ ለአፈር ማዋልን በሰፊው አጥንተዋል። ስለዚህ ሥጋው የተለየና በደንብ የተቀቀለ፣ የደረቀ አጥንት በጣሳው ዘዴ ቢከስልና ተደቁሶ ከፍሬው ከሰል ጋር ቢደባለቅ፣ በዚህ ቀይ አፈር ላይ ከሁለቱም ለየብቻቸው ይልቅ ይጠቅማል።

8ኛ፤ ወደ አፈር ማግባት

መጀመሪያ በፌጦ ይፈትኑት። በሁለት ሳሕን እኩል የጓሮ አፈር አድርገው፣ በአንደኛው ላይ ዐሥረኛ እጅ የጠገበ ከሰል ደባልቀው፣ በሁለቱም እኩል የፌጦ ፍሬ ይዝሩ። ፌጦ በጥቂት ቀን ስለሚበቅል በአንድ ሳምንት ፍርዱን ይሰጥዎታል፤ ከሰል ያለበት ሳሕን ካነሰ ከሰሉን በብዙ ውሃ አጥበው ሌላ 2 ሳምንት ያጥግቡት።

ፈተናው ካለፈ በ1 ካሬ ሜትር መደብ ላይ ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ የሚመዝን ከሰል፣ ከነብስባሹ፣ በትነው እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ከአፈሩ ጋር ያዋህዱ። በላይ ብቻ የተበተነ ከሰል ነፋስና የመጀመሪያው ዶፍ ይወስደዋል። ለማሰሮ ተክል ከዐሥር እጅ አፈር አንድ እጅ ይበቃል። ጊዜው ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ፣ ከትልቁ ዝናም አስቀድሞ ይሁን፤ ያልደረሰለት ሰው መስከረም መጨረሻ ላይ ለትንሹ ዝናም ያድርስ። ከሰሉ ከነአመዱ የአፈርን ጎምዛዛነት ስለሚያበርድ በዚያው ዓመት ኖራ ወይም የምድጃ አመድ አይጨምሩበት፤ ሁለቱ ከተደራረቡ ጎመኑ ብረትና ዚንክ ያጣል። ከከተማው በስተ ምሥራቅና ደቡብ የሚኖሩ አንባቢዎች ደግሞ መሬታቸው ጥቁር መረሬ ነውና፣ ከሰሉ እዚያ ከሁሉ በፊት የሚረዳው ጭቃው እንዲላላ ነው።

ከመደቡ አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ብስባሽ ብቻ አድርገውበት ያለ ከሰል ይተዉና በዱላ ምልክት ያድርጉበት፤ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ጎመን ይትከሉ፣ እኩልም ያጠጡ፣ ይልቁንም በደረቁ ወራት ቅጠሉ የትኛው ላይ ፈጥኖ እንደሚጠወልግ ይመልከቱ። ከሁለት የዝናም ወቅት በኋላ ልዩነት ካዩ፣ የተተወውን ቦታ ጨምረው ይሙሉና የሚቀጥለውን ዓመት ከሰል ወደ ሌላ መደብ ያሻግሩ፤ አንድ ጊዜ የተቀበለ መደብ በየዓመቱ አይጠይቅምና። ልዩነት ካላዩ ግን አፈርዎ አስቀድሞም ደኅና ነበረ፤ ከሰሉን አፈሩ ለደከመ ጎረቤት ይስጡ፣ እርስዎም በሁለተኛው ባልዲ ብስባሽ ይቀጥሉ።